ሁለቱ አምባዞች

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው የዘወትር ሥራ የዓሣዎቹን ውሃ መቀየር ነበር። እሱ በጎማ ቱቦ ቆሻሻውን ይስባል፣ እኔ በጀሪካን ንጹሑን አቀብለዋለሁ። በማግሥቱ ባሕር ዳር ሄዶ ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ባለቤቴ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ በሳሎኑ አምባዛ የሚያሳድግ ሌላ ሰው አላውቅም። ሁለቱን ጣት ሲያክሉ ከጣና አምጥቶ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ክንድ እስኪያክሉ አሳደጋቸው። ሥጋ በሊታ ናቸው። በሁዳዴ ሳይቀር ከሙስሊሙ ሥጋ ቤት ጉበት በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣላቸዋል። ጎረቤታችን፣ "የናንተ ዓሣ ክርስትና አልተነሣም እንዴ? ሁዳዴን ይገድፋል" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሲሄድ አደራ ያለኝ እነሱን ነው። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። እኔ ያንን ጉበት ይዤ በሰፈር ማለፍ አፈርሁ። እንጀራ ፈትፍቼ ጣልሁላቸው፤ ውሃው ደፈረሰ እንጂ አልነኩትም። ቤቱ ከጾመ እግዚአብሔር ባሌን ይምርልኛል ብዬ ነው ልላችሁ እችላለሁ። ውሸት ነው። የፈራሁት ጎረቤቴን ነው። በስልክ በሉ ወይ ሲለኝ በልተዋል እለዋለሁ። ስንት ጊዜ ዋሸሁት? በጠየቀኝ ቁጥር።

ሆሣዕና ሲቃረብ አንድ ጠዋት ሁለቱንም ሞተው አገኘኋቸው። ትልቁ ትንሹን ሊውጥ ሞክሮ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበታል። የትንሹ ጅራት ከአፉ ውጭ ነበር። ያስራብኋቸው እኔ ነኝ። ጓሮ ቀበርኋቸው።

ለፋሲካ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ሰደዱልኝ። በባዶው ሣጥን ፊት ቆሞ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። አንዱ ሌላውን ሲውጥ ታንቆ ነው አልሁት። ስለ ረሃቡ አልነገርሁትም።

"ጠግበው እንዲህ ካደረጉ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጥሩዬ" አለ። "በአንድ ሣጥን ማኖር አልነበረብኝም። እኔ ነኝ የገደልኋቸው።"

ዝም አልሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ምን ያዘኝ? በቀረችው አንድ ወር ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ ይህንኑ እያነሣ በራሱ ይፈርዳል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ። ዓሣዎቹን በረሃብ፣ እሱን በዝምታዬ በደልሁ። የኔን ጥፋት ተሸክሞ ሞተ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ ዘንድ እቆማለሁ። እስካሁን አልነገርሁትም።