ያልበላኋቸው ጠጠሮች

ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ሌላውን የተማርኩት በእግሬ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ቁልቁል ስዞር እውላለሁ። ሰላም የምለው ሰው አንሷል። ሰፈራችን ሲፈርስ ጎረቤቶቼ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ፤ ዕድሜ ልኳን ከእኔ ጋር ገበጣ የተጫወተችው ጎረቤቴም ሄደች።

የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ታጠናለች። ለመመረቂያዋ ማሽን ገበጣ ታስተምራለች፤ የአሮጌ ሰው አጨዋወት ያስፈልገኛል ብላ እሁድ እሁድ ከሰዓት ትመጣ ጀመር። አብረን እንጫወታለን፣ የምዘራውን እያንዳንዱን እጅ ትመዘግባለች። እንዳስረዳችኝ ማሽኑ ውስጥ ያሉት ሁለት ናቸው። አንዱ ተማሪው ነው፤ እያየ፣ እየተሸነፈ ይለምዳል። ሌላው አረጋጋጩ ነው፤ እሱ አይገምትም። ተጋጣሚ በየትም ቢዞር መጨረሻው ይህ ነው ብሎ አንድ በአንድ ካላሳየ አይናገርም። ተማሪውን የሚያርመው እሱ ነው።

አንድ እሁድ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው።

«እማማ፣ አረጋጋጩ እርስዎን ከሷል። በየጨዋታው ማሸነፊያውን አግኝተው ሳሉ አይበሉም።»

ዓይኔ ደክሞ ነው አልኳት። ሳቀች። የደከመ ዓይን አንዴ ይስታል እንጂ እንዲህ ተጠንቅቆ ሁልጊዜ አይስትም አለች።

እውነቷን ነው። ጎረቤቴ ስትሸነፍ ነጠላዋን አራግፋ ብድግ ብላ ትሄድ ነበር። ስለዚህ የምበላውን እያየሁ አልፈዋለሁ፤ ጨዋታው ይረዝማል፣ እሷም ትቀመጣለች። ከልጅቷም ጋር እንደዚያው ሳደርግ ከርሜያለሁ። ይህን ግን አልነገርኳትም።

«ተማሪው የቱን ይመን?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከእርስዎ ያየውን ወይስ አረጋጋጩ ያሳየውን? የእስካሁኑን ልጥለው ነው። ዛሬ አንድ ጨዋታ ብቻ የምርዎን ይጫወቱልኝ፤ ለፈተናው ማሳያ ይሆነኛል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እርስ በርስ ይማማራሉ፣ እርስዎንም አላደክምም።»

አላደክምም ያለችው አልመጣም ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። መመረቅም አለባት።

ዘራሁ፣ በላሁ። ያየሁትን አላለፍኩም። ብዙም ሳንቆይ በእሷ በኩል የሚዘራ ጠጠር ጠፋ። አረጋጋጩ አንድም እጄን አላረመም ብላ ጉንጬን ሳመችና ቦርሳዋን አነሳች። እስከ ድልድዩ ሸኘኋት፤ ታክሲ ገባች።

ስመለስ የቀዳሁላት ሻይ ለብ እንዳለ ነበር። ጠጠሮቹን በየጉድጓዱ አራት አራት አድርጌ መለስኳቸው፤ በእሷም በኩል።