የብረትና የክር ልጆች

ልጄ ኤርሚያስ ጦሩን ትከሻው ላይ አድርጎ የእንሰቱን አጥር ሲሻገር፣ በግራ እጁ ሆዱን ያዝ አደረገ። ያን ጊዜ ነው ልጆች፣ የፈራሁት። ትርፍ አንጀት ይዞት ሆሳዕና ሆስፒታል ሆዱን ተቀዶ ነበር፤ የተሰፋበት ክር ከወጣለት ገና ብዙ አልቆየም።

በልግ ሊገባ ካፊያ ጀምሯል። ከርከሮው የሰፈሩን ድንች ገልብጦ ጨርሶ ወደ እንሰታችን ዞሯል። «አንተ አደኑ ላይ አትሄድም» ብዬው ነበር። ግን የባሌ ወንድም ልጅ ዳዊት ሊሄድ ነው፤ እሱም በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ያንኑ ትርፍ አንጀት ወጥቶለታል። እናቱ ወርቅነሽ ሌላ ወሬ የላትም።

«የኔ ልጅ ቁስል በትንንሽ ብረት ነው የተዘጋ፣ ጠቅ ጠቅ አድርገው። ያንቺን እንደ ጆንያ ሰፉት አሉ፣ እውነት ነው?»

እንደ ጆንያ! ቅናቱ እህል አላስቀምስ አለኝ። ክሩን ያወጣችለትን ነርስ ሳይቀር «ለእሱስ ብረት ለምን አልሆነለትም?» ብያታለሁ።

«እናቴ፣ ክሩም ብረቱም ቆዳው እስኪገጥም መያዣ ነው። ከዚያ የሚይዘው የራሱ ሥጋ ነው። ብቻ ለጊዜው ከባድ ነገር አያንሳ» አለችኝ። አላመንኳትም።

እና ከርከሮውን ለማስወጣት ቆርቆሮ እየደበደብኩ ተከተልኳቸው። ወርቅነሽም የባሰ ትልቅ ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ጭቃው ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ የኮቴ ዱካ አየን፤ ካፊያው ገና ውኃ አልሞላውም። ይዘናቸው የመጣነው ውሾች ጮኹ። ከርከሮው ክራንቻውን አግጥጦ ከእንሰቱ ውስጥ ተወርውሮ ወጣ። ዳዊት ጦሩን ጥሎ አቮካዶው ዛፍ ላይ ወጣ። የኔው ጦሩን መሬት አስደግፎ ጠበቀው፤ ከርከሮው ተሰካበትና አብረው ወደቁ፣ ልጄ በሆዱ።

ሸሚዙ ደም በደም ነው።

«ክሩ ተበጠሰ!» ብዬ ጮህኩ።

«እማዬ፣ ክሩኮ ወጥቷል» አለ፤ እያለከለከ ሳቀ። ሸሚዙን ገለጥኩ። ጠባሳው እንደገጠመ ነው፤ ደሙ የከርከሮው ነው።

ወርቅነሽ ዛፉ ሥር ቆማ፣ «ዳዊት፣ ውረድ እንጂ፣ ሰው ያይሃል!» ትላለች።

«ተዪው፣ ብረቱ ከብዶት ነው» አልኳት።

ዛሬም የዳዊት ጠባሳ ቀጭን ነው፣ የኤርሚያስ እንደ መሰላል። ሳየው ቅናቱ ይበላኛል፤ ምን ላድርግ። ግን የያዘው የራሱ ሥጋ መሆኑን ያን ቀን በእጄ ነክቼ አውቄያለሁ።

ያን ዕለት ክንዱን ይዤ ቤት አስገባሁት፣ በሩን ዘጋሁ። «ደርሰናል» አልኩ። «ልጄ ደህና ነው።»