የአንደኛ ክፍል በር

የትምህርት ቤታችንን ታሪክ እንድጽፍ ርእሰ መምህሩ አዘዘኝና ሼህ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብላ ያለችውን ይህቺን ትንሽ ትምህርት ቤት መንደሩን አስተባብረው ያሠሯት እሳቸው ናቸው። ደጃፉ ላይ የተሰቀለውን መጋረጃ ገለጥ አድርጌ ገባሁ።

"ነጋ ጅርታ፣ መምህር? ልጆቹስ? ከብቱስ?"

ከብት እንኳ የለኝም፤ ግን ለሁሉም "አልሃምዱሊላህ" አልኩ።

"የአንደኛ ክፍል በርስ ደህና ነው?"

ግራ ገባኝ። እርጅና ነው ብዬ "እሱም ደህና ነው" አልኳቸው። ጠዋት አልከፈት ብሎኝ በእርግጫ እንደመታሁት ምን አስወራኝ።

ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ። አንዱ ማገር፣ ሌላው ጭድ እያመጣ ግድግዳው ቆመ። የሚመርቁት እንግዶች ከከሚሴ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ግን በር እንዳልተሠራ ትዝ አላቸው።

"ታዲያ ምን አደረጋችሁ?"

"አላህ አላሳፈረንም፤ ተገኘ" አሉኝ። እኔም "በር ተገኘ" ብዬ ጻፍኩ።

ልወጣ ስነሳ እጄን ያዙኝ።

"መምህር፣ የልጅ ልጄ ነግራኛለች፤ በሩን በእርግጫ አትበለው። ትንሽ ከፍ አድርገህ ግፋው። እዚህ ቤት እያለም አመሉ ይኸው ነበር።"