የጎኖቹም ቀዳዳዎች

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል በመስኮት ሳይ አምስት ሰዎች፣ አንዱ የረገጠውን ሌላው እየረገጠ፣ ጉልበት በሚደርስ በረዶ ውስጥ ወደ ቤታችን ይመጣሉ። ከፊት የማኅበራችን አባት ናቸው፤ ከኋላቸው የማኅበሩ ሴቶች። መጀመሪያ የተሰማኝ እፍረት ነው።

«ይኸው፣ መንገዱ ሳይጠረግ ሰው መጣብን» አልኩት ባለቤቴን።

እሱ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አጥልቆ በሩ አጠገብ ቆሟል። በዚያ ሰዓት ለምን ለብሶ እንደቆመ አልጠየቅሁትም።

ሽማግሌው ገብተው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ ይቀመጡ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማሽናችን እምቢ ብሎ ነው፣ ያን ሁሉ በረዶ…»

«ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ወንድሜ ማክሰኞ ንጋት ላይ ማረፉን፣ በዚያው ዕለት መቀበሩን ነገሩኝ። ሴቶቹ እንደ ደንቡ ጮኹ። እኔ የሽማግሌውን ቦት ጫማ አያለሁ፤ በረዶው ከላዩ እየቀለጠ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል። «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ!» አለችኝ አንዷ እያቀፈችኝ። አልወጣልኝም። እስከዛሬም እምብዛም አልወጣልኝም።

ባለቤቴ ከማክሰኞ ጀምሮ ያውቅ ነበር። በባዕድ አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በሥራ ቀንም አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ እቤት መጥቶ ነው። ስለዚህ አራት ቀን ከፊቴ እየተቀመጠ «ሆዴን አሞኛል» እያለ ምግብ ሲመልስ ሰነበተ። በእሱ አልፈርድም። እኔም ለሌሎች ሰዎች እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ።

አሁን ስለ ማሽኑ ልናገር፤ ያለ እሱ ነገሬ አይገባም።

እዚህ ባዕድ አገር፣ ስካርቦሮ የተከራየነው ቤት የመኪና መግቢያው ረጅም ነው። በረዶውን በአካፋ መዛቅ ወገብ ይቆርጣል፤ ስለዚህ አምና አንድ ያገለገለ ስኖው ብሎወር ገዛን፣ በረዶውን እየበላ ወደ ጎን የሚተፋ። ዘንድሮ ገና በመጀመሪያው በረዶ ታመመ። ይነሣል፣ ግን ድምፁ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ እንደገና ከፍ ይላል። በረዶ ሲያስነክሱት ጭራሽ ይጠፋል።

ወንድሜ አገር ቤት ጄኔሬተርና ሞተር ብስክሌት የሚጠግን መካኒክ ነበር፤ በረዶ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የማሽኑን ድምፅ ቀድቼ ላክሁለት። የሱ መልስ ሁልጊዜ በድምፅ ነው፤ መጻፍ አይወድም።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር በረዶ ይበላል ነው ያልሽኝ? ጾም ሳይገባበት አልቀረም፣ ጉልበት የለውም እኮ! እስቲ ልጠይቅሽ፤ አየሩን የምትዘጊበት፣ ቾክ የሚባለው አለ አይደል? እሱን ስትዘጊው ይሻለዋል?»

«ይሻለዋል። ስከፍተው ነው የሚጠፋው።»

«በቃ፣ ነዳጅ አንሶታል። ቤንዚኑ የመቼ ነው?»

«ካምና የተረፈ ነው። በጀሪካን በደንብ ከድኜ አስቀምጬው ነበር።»

ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ጠበል መሰለሽ እንዴ ዓመት የምታስቀምጪው! ቤንዚን እኮ ይበላሻል፣ እትዬ፤ እንደ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።»

እውነት ነው፣ እኔ ነገር መጣል አልችልም። ቤንዚኑን አስለወጠኝ፤ እሳት የሚፈነጥቀውን ካንዴላም አስለወጠኝ። አልዳነም። ከዚያ ቤንዚንና አየር ከሚያደባልቀው ካርቡራተር ሥር ያለችውን ኩባያ አስፈታኝ። ታችዋ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ረግቷል። ነዳጅ የሚያልፍባትን የነሐስ ብሎን በካቻቢቴ አውጥቼ አጸዳሁ፤ ቀዳዳዋን ወደ መብራት አንሥቼ አየሁ፤ ብርሃን ታሳያለች። መልሼ ገጠምኩ። ያው ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አዲሱን ድምፅ ላክሁለት። መልስ የለም። ያን ቀን ሆስፒታል መግባቱን ማን ይንገረኝ? ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት በድምፅ እንዲህ ብዬ ላክሁበት፤ አንድም ቃል አልቀንስም።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ስፈልግህ ነው የምትጠፋው? ለደንበኛ ጊዜ አለህ፣ ለእህትህ የለህም። ከፈለግህ ተወው፣ ሁለተኛ አላስቸግርህም።»

በዚያው ቀን፣ እዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ማለት ነው፣ ከስልኩ ጽሑፍ መጣ። «የጎኖቹንም ቀዳዳዎች ክፈቺ። ቡታጋዙን እንደምንወጋው።»

አምስት ቃል። ሰላምታ የለ፣ «እትዬ» የለ፣ ድምፅ የለ። አኮረፈ ብዬ እኔም አኮረፍኩ። ማሽኑን ሳልነካው እስከ ቅዳሜ ቆየሁ። ለዚህ ነው እነዚያ ሰዎች በረዶ ውስጥ እየሰመጡ የመጡት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤቱ በሰው ሞላ። መኪና ማቆሚያ ጠፍቶ ሰው መንገድ ላይ ይቆማል፤ አንዲት ሴትዮ መግቢያው ላይ ወደቁ መባሉን ሰማሁ። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ተነሥቼ በኋላ በር ወደ ጋራዡ ወጣሁ። ኩባያዋን ፈታሁ፣ ብሎኗን አወጣሁ። ከብሎኗ በላይ፣ ካርቡራተሩ ሆድ ውስጥ፣ አንዲት ጣት የማታህል የነሐስ ቱቦ አለች። ያን ጊዜ አላወጣኋትም ነበር። በፒንሳ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ወረደችልኝ። ጎንና ጎኗ እንደ ወንፊት የተበሳ ነው፤ ቀዳዳዎቿ ግን ሁሉም ተደፍነዋል።

የዳቦ ላስቲክ የሚታሰርበትን ሽቦ ልጬ፣ እያንዳንዱን እወጋ ጀመር። ልጆች ሳለን እቤታችን የላምባ ቡታጋዝ ነበረን፤ እሳቱ ሲቀላ እኔ፣ እሱና ታናሿ እህታችን በተራ በመርፌ እንወጋው ነበር።

«ኧረ በሥላሴ!» አለች ከኋላዬ ያቺው ያቀፈችኝ ሴት። «ሐዘንተኛ እጇን ቤንዚን ውስጥ ትነክራለች? ሰው ምን ይላል? ነይ ግቢ!»

«ሦስት ቀዳዳ ቀርቶኛል።»

«ምን?»

«ሦስት ቀዳዳ ቀርቶኛል፣ እመጣለሁ።»

ሽማግሌውን ጠርታ መጣች። ቆመው አዩኝና «ተያት፣ ትጨርስ» አሉ። የእጅ ባትሪውንም ያዙልኝ።

ገጥሜ ገመዱን ሳብኩ። በሁለተኛው ተነሣ። ቾኩን ከፈትኩት፤ አልጠፋም። ድምፁ አንድ ወጥ ሆነ። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝምም። መግቢያውን እስከ መንገዱ ጠረግሁ፤ ሰው ቆሞ ያየኛል፤ ከዚያ ገብቼ እጄን ታጥቤ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ስልኬን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የሰኞው የቁጣ መልእክቴ መከፈቱን ምልክቱ ያሳያል። አንድ ሰው ሰምቶታል።

እህቴን ደውዬ ጠየቅኋት። «ጽሑፉን የጻፈው እሱ ነው?»

«ተይው አሁን፣ እታለም። ምን ይጠቅምሻል? በሰላም ነው ያረፈው።»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ በኋላ ልደውልልሽ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ወሬው ሌላ ነው።

ቡታጋዙን የሚያውቅ ከሦስታችን ሌላ የለም። የቱቦዋን ነገር ግን እህቴ አታውቅም። የጋራዥ ጓደኞቹ ያውቃሉ፤ እነሱም ሆስፒታል አብረውት ነበሩ ይባላል። እናንተ አብራችሁት የነበራችሁ፣ መታመሙን እንዳልጠረጥር ብላችሁ በስሙ ተባብራችሁ ጽፋችሁት ይሆናል፤ ወይም እሱ እየተናገረ አንዳችሁ ጽፋችሁለት ይሆናል። ወይም ራሱ ጽፎት ይሆናል። እሱ ከሆነ ቁጣዬን ሰምቷል፤ ሰምቶም መልሶልኛል። እሱ ካልሆነ ምናልባት ሳይሰማኝ ሄዷል። የትኛው እንደሚሻለኝ እኔም አላውቅም።

ለነፍስ አባቴ ተናገርኩ። «ወንድምሽ ይቅር ብሎሻል» አሉኝ። አሜን አልኩ። እሳቸው ግን እዚያ አልነበሩም።

እናንተ ነበራችሁ። በዚያች ሌሊት አልጋው አጠገብ የቆማችሁ፣ እህቴም፣ ጓደኞቹም፣ በስማችሁ ሳልጠራችሁ የምታውቁኝ ሁሉ፣ በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ። መርዶውን ስለደበቃችሁኝ አልቀየምኩም፤ ደንባችን ነው። አሁን ግን ተነግሮኛል፤ ከእንግዲህ የምትሸሽጉኝ ነገር አይኑር። አታሳምሩልኝ፣ አታለስልሱልኝ። ድምፄ ሲከፈት እሱ ነቅቶ እንደነበር፣ ስልኩም በማን እጅ እንደነበር ንገሩኝ።