ከአጥሩ ወዲያ የተጠበሰ ሳምቡሳ

ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያው በኩል ያደገ ልጅ ከፊደል በፊት የሚማረው ነገር አለ፤ «እኛ» እና «እነሱ»። የኔ መምህር ያሳደገችኝ አክስቴ ነበረች። «እነሱ» ስትል ስም አትጠራም፤ በአገጯ የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር ታመለክታለች። እጃቸው ንጹሕ አይደለም፣ ዘይታቸው ይሸታል፣ ከልጃቸው ጋር መጫወትም ክልክል ነው። ገበያ ላይ በርበሬዋን ሲገዙ ግን ሽልንጋቸው ሸትቷት አያውቅም። ለምን እንደምንጠላቸው ስጠይቃት፣ «እነሱ ናቸዋ!» ትለኛለች። መልሱ በቃኝ፤ እኔም በአገጭ ማመልከት ለመድኩ።

ችግሩ፣ ልጅቷን እወዳት ነበር።

በረመዳን ማፍጠሪያው ሲቃረብ የአክስቴን ሳምቡሳ በሳህን ይዤ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ብቻቸውን ለሚኖሩ አሮጊት አደርሳለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «አኮ» ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። ልጅቷም የቤቷን ሳህን ይዛ ትመጣለች። እንደ ልባችን የምንጫወተው እዚያ ደጃፍ ላይ ብቻ ነበር። አኮ ታዲያ ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ነው ባይ ናቸው፤ ምድጃ ካነደዱ ግን ቆይተዋል። ስለዚህ ከእኛ ሳምቡሳ በእሷ ሳህን፣ ከእሷም በእኛ ሳህን ያደርጉና መርቀው ይሸኙናል።

አክስቴ ያን እየበላች፣ «ማሻአላህ! የአኮ እጅ! ንጹሕ ሰው እንዲህ ያስታውቃል» ትላለች።

አንድ ቀን ከልጅቷ ጋር መከርን። ሁለታችንም እውነቱን በየቤታችን ብንናገር አብረን እንድንጫወት ይፈቅዱልናል አልን። ልጅነት ደግ ነው።

አክስቴ እየበላች የአኮን እጅ ደግማ ስታሞግስ፣ «እሱን የጠበሱት እነሱ ናቸው» አልኩና በአገጬ አጥሩን አሳየኋት። ማኘኳን አቆመች። ትተፋዋለች ስል ዋጠችው።

«ታዲያ ከማን ተማሩት? ከኛ ነዋ!» አለች ጣቷን እየላሰች። «ከነገ ጀምሮ ሳህኑን ወንድምሽ ይወስዳል።»

ሳህኑ መቅረቱ አልታሰበም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። አለቀስኩ። ተኝቼ ሳሰላስለው ግን የአክስቴ ነገር እውነት እውነት አለኝ፤ እንዲያውም ኮራሁ።

ጠዋት ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ልጅቷ ከቆርቆሮው ቀዳዳ ወዲያ ቀድማኝ ቆማለች።

«ሳምቡሳ ኒ ዬቱ!» ብላ በስዋሂሊ ጮኸችብኝ። «የእኛ ነው! እማዬ ነግራኛለች፣ ከኛ ነው የተማራችሁት!»

ንድድ አለኝ። ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፍኩባት። እኔ እኮ እየሮጥኩ የመጣሁት ይህንኑ ልነግራት ነበር።