የሰይድ መደብ

ባለፈው ታኅሣሥ ወደ ትውልድ ቀዬዬ ወደ ሐይቅ ስሄድ አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ አመድ ስትደፋ ደረስኩ። ነፋሱ ብናኙን አምጥቶ አፍንጫዬን ሲሞላው ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። የቀዘቀዘ አመድ ሽታ ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። ለእኔ ግን የጎረቤታችን የእትዬ ሐዋ የበጋ ሽታ ነው።

እትዬ ሐዋ የጓሮዋን አትክልት የምታቅደው በደረቁ ወቅት ነበር። መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ የሌሊቱ ውርጭ የዱባውን ሐረግ አጥቁሮት ሳለ፣ በዘይት ቆርቆሮ አመድ ይዛ ትወጣና መስመር ታሰምራለች። እዚህ ድንች፣ እዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ አጥሩ ሥር ዱባ። አባቴ «ዝናቡ የት አለና» እያለ ይስቅባታል። እሷ ግን በልግ ሲመጣ የሚደናበር ሰው አትወድም። «ዝናብ እንግዳ ነው፤ ቆሞ አይጠብቅሽም» ትለኝ ነበር።

ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ለም ቦታ የልጇ የሰይድ ነበር። ሰይድ ካሮት ከነአፈሩ ነቅሎ መብላት ይወዳል። በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ከሄደ በኋላም ቦታው ስሙን አልለቀቀም። አንድ ቀን እትዬ ሐዋ ለእናቴ በአጥር ላይ «የሰይድን መደብ አሰናዳሁ» አለቻት። እናቴ ቤት ውስጥ ያለው፣ በጭቃ የተሠራው መኝታው መሰላት። ልጁ ሊመጣ ነው ብላ እርጎ ይዛ ሮጠች።

እትዬ ሐዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «የጓሮውን እኮ ነው ያልሁሽ፤ የቤቱማ ከሄደ ጀምሮ እንደተሰናዳ ነው።» እርጎውን ተካፍለው ጠጡ። ያን ቀን ገብቼ አየሁት። በእበት የተለቀለቀ መደብ፣ ላዩ ላይ ንጹሕ ሰሌን፣ ራስጌው የታጠፈ ጋቢ። ማንም አይቀመጥበትም።

በቀጣዩ በጋ ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው ቤቷ ገባ። ሰይድ የተሳፈረባት ጀልባ ባሕሩን እንዳልተሻገረች ነገራት። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። መንደሩ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ለቅሶ ተቀመጠ። ሰው ሲበተን እናቴ የምታየው ጓሮውን ብቻ ሆነ፤ አመዱን ይዛ ካልወጣች ይቺ ሴት አበቃላት ትል ነበር። ታኅሣሥ አለቀ፤ አልወጣችም። ከዚያ አንድ ጠዋት የዶማ ድምፅ ሰማን፤ ከጓሮ ሳይሆን ከቤት ውስጥ።

ስንገባ የልጇን መደብ እያፈረሰችው ነው። እናቴ እጇን ያዘቻት።

«ተይኝ እህቴ፤ ባዶውን ከሚቀመጥ ይብቀልበት» አለች።

በጭድና በእበት የተቦካ ጭቃ ስለነበር እንደ ፍግ ይፈረፈራል። በቅርጫት እየሞላች ታወጣው ጀመር። እናቴ ሌላ ቅርጫት አነሳች። ጉድጓዱ አጠገብ በተኑት። እትዬ ሐዋ ያን ዓመት ለራሷ ምንም አላሰመረችም። ካሮቱን ብቻ ዘራች፣ ያንንም «ሰደቃ ነው፤ ያለፈ ያገደመ ይንቀል» አለች። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

እትዬ ሐዋ ካረፈች ቆይቷል። ቤቱን የገዙት ሰዎች አጥሩን ከፍ አድርገዋል፤ ጉድጓዱ አጠገብ ያለችውን ጥግ ግን ለመንገደኛ ክፍት ትተዋታል፣ ጎረቤቱም በየተራ ይዘራባታል። ባለፈው ስሄድ የማላውቃት ትንሽ ልጅ ካሮት ነቅላ አፈሩን በቀሚሷ ስትጠርግ አገኘኋት። መደቡ የማን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«የሰይድ ነው» አለችኝ።

«ሰይድ ማነው?»

«እንጃ» አለች እየቆረጠመች። «ግን ማንንም አይከለክልም።»