የተተፋው ወይን

ያ ወይን ሲነሣብኝ ከጣዕሙ በፊት ንዴቱ ነው የሚመጣብኝ። ጥሩ ወይን ነበር። ጥሩ መሆኑን አጣጥመን ያወቅነው ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንዱ ከሄዱ ቆዩ፣ ሌላው እኔ ነኝ። እኔን ደግሞ ማን ይሰማኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከዓባይ ማዶ ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ነበር። እኔ በዘበኝነት ተቀጥሬ አትክልቱንም እኮተኩት ነበር። አንድ ወይን ጠማቂ ከአዲስ አበባ ተልከው መጡ። ሸበቶ፣ ቀጭን፣ አፈር እፍኝ አድርገው የሚያሸቱ ሰው ናቸው። ሙያውን ውጭ አገር ነው የተማሩት። ማንም የማይፈልገውን ድንጋያማ ጥግ ለሙከራ ሰጧቸውና ሁለት ዓይነት ወይን ተከሉበት፤ ጥቁሩ ፒኖ ኗር፣ ነጩ ሻርዶኔ። በየመደዳው ራስ ላይም ስሙን በሳንቃ ጽፈው አቆሙ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በዚያው ሰሞን ነው፤ በቀበሌው የማታ ትምህርት፣ ጢሜ መሸበት ሲጀምር። ከክፍል ውጭ መጀመሪያ ያነበብሁት ቃል «ሻርዶኔ» ነው። አንብቤውም ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ማንበብ እንዲህ ከሆነ ምን ይሠራልኛል ብዬ ተናድጄ ነበር።

ለዚያ ወይን ብዙ ለፋንበት። ጉማሬ ከሐይቁ እየወጣ ሲረግጥብን እሾህ አጠርን። ከጦጣና ከወፍ ጋር ስንጣላ ዋልን። ከሁሉ የከፋው ግን የባለሙያው መቀስ ነው። ተክሉ ለምልሞ ሲያምርበት ይመጡና ይቆርጡታል፣ ይቆርጡታል።

«ኧረ ይተዉት፣ ያሳዝናል» እላቸዋለሁ።

«ካልራበው ፍሬው አይጣፍጥም» ይሉኛል።

«እንዲያ ከሆነ እኔን ቢቀምሱኝ ማር ነኝ።»

ይስቁ ነበር። ከሌላ ሰው ጋር ሲስቁ አላየሁም። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያለቻቸው ያቺ ድንጋያማ ጥግ ናት። ወይኑ ከጸደቀ ጠመቃውን ሊያስተምሩኝ ቃል ገብተውልኛል። ዱላ ይዞ ከጦጣ ጋር ሲሯሯጥ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነበር።

የመጀመሪያው ወይን ደርሶ ጠርሙስ ሲገባ የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለምሳ ተጠራ። ነገሩ ቁርጥ ያለ ነው። ኃላፊው ቀምሶ ከወደደው መሬት ይጨመራል፤ ካልወደደው ወይኑ ተነቅሎ በቆሎ ይዘራበታል።

ሾላው ሥር ጠረጴዛ ዘረጋን። ነጩን ጠርሙስ ከማለዳ ጀምሮ ሐይቁ ውስጥ ዘፍዝፈን አቀዘቀዝነው። ባለቤቴ አሳውን ጠበሰች፣ አዋዜውን በጠበጠች። ኃላፊው ከሾፌሩ ጋር መጣ፤ ባለሙያውንና እኔንም አብራችሁ ብሉ ብሎ አስቀመጠን።

«ጓድ ጠማቂ፣ በል እስቲ አጠጣን» አለና እጁን ታጠበ።

አንተ አላቸው፤ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው።

ባለሙያው ነጩን ለሁላችንም ቀዱ። የራሳቸውን ብርጭቆ አዟዟሩ፣ አሸተቱ፣ ተጎነጩ፣ ጉንጫቸው ውስጥ አንገላቱት። ከዚያ አጠገባቸው ያለው ጣሳ ውስጥ ጢቅ አድርገው ተፉት።

እኔ ለምጄዋለሁ። ጠመቃው ቤት ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው። በእኛ አገር ግን አሳላፊ ጠጅ ሲቀዳ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይጠጣል፤ መጠጡ ክፋት እንደሌለበት እንግዳው የሚያውቀው በዚያ ነው። ኃላፊው ደግሞ የዚሁ አገር ሰው ነው። ዘመኑም ሰው የገዛ ወንድሙን የማያምንበት ዘመን ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ። «ለኛ ቀድተህ አንተ ትተፋለህ?»

«ሙያው ነው፣ ጓድ» አሉ ባለሙያው። «ቀማሽ አይውጥም። ከዋጠ ይሞቀውና ጣዕሙ ይምታታበታል።»

«የማይዋጥ መጠጥ ምን ሊሠራ ነው?»

«ለአፍ መጉመጥመጫ» አለ ሾፌሩ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

ተነሥቼ ከብርጭቆዬ በመዳፌ አፈሰስሁና እፊቱ ጠጣሁት። የቀረውንም ጨለጥሁት።

«ይኸው ጓድ ኃላፊ። ብሞት ይቅበሩኝ።»

«አንተ በዚህ አትሞትም። የዘበኛ ሆድ ምን ይበግረዋል» አለ። አሁን የሳቀው ከልቡ ነው። ተጎነጨ፣ ፊቱን ቋጠረ፣ ደገመ። «ይኮመጥጣል። ግን ከአሳው ጋር… አይከፋም።»

አይከፋም አለ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእኔ መጀመሪያ ኮመጠጠኝ፤ ቀጥሎ የትርንጎ ልጣጭ ሸተተኝ፤ ከወረደ በኋላ ደግሞ ምላሴ ላይ የሆነ የማር ነገር ቀረ። ጠጅ እንዲህ አያደርግም። ጠጅ ያለውን ሁሉ አንዴ ነው የሚሰጥህ።

ሳህን የማነሣ መስዬ ወደ ባለሙያው ጆሮ ጎንበስ አልሁ።

«ጥቁሩን ይዋጡት፣ በእግዜር።»

«እውጠዋለሁ፣ እውጠዋለሁ።»

ጥቁሩን ከፈቱ። ስሙ ጥቁር ይሁን እንጂ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ስስ ቀይ ነው፤ ጣት ያሳያል። ኃላፊው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃቸዋል። ባለሙያው አሸተቱት። ደግመው አሸተቱት። ዓይናቸውን ጨፍነው ተጎነጩ። ያን ጊዜ ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ሆነ፤ ግንባራቸው ፈታ አለ፣ ወጣት መሰሉ። እኔ «አሁን ዋጡት፣ አሁን» እያልሁ ጉሮሯቸውን አያለሁ።

ጢቅ።

ጣሳው ጮኸ። ኃላፊው የራሱን ብርጭቆ ሳይነካው ተነሣ።

«የሠራው ሰው ሁለቴ የተፋውን እኔ ሕዝብ ጠጣ ልል ነው?»

አሳው ግማሹ ሳህን ላይ ቀረ። ሾፌሩ የያዘውን እያኘከ ተከተለው። መኪናዋ አቧራዋን አስነሥታ ሄደች።

ባለሙያው ጣሳውን ያዩ ነበር።

«ተፋሁት እንዴ?»

«ተፉት።»

«እዚህ ማን እንዳለ ረሳሁ እኮ። ጥሩ ሆኖ… እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ቅመሰው እስቲ።»

መቅመስ አላሰኘኝም፤ ግን ቀመስሁት። እንጆሪ እንጆሪ ይላል፤ ሥሩ ደግሞ መጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈር። ተናድጄ እንኳ ጥሩ ነበር። ምን ልበላቸው? ያን ሁሉ ዓመት የደከሙበትን አንድ ቀን ቀንቷቸው ሲያገኙት፣ አፋቸው የሚያውቀውን አደረገ። ለኃላፊው የሚያስፈልገው አንድ ጉንጭ መዋጥ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በዚያች ሰዓት ኃላፊ የሚባል ፍጥረት በዓለም ላይ መኖሩን አያውቁም። እሳቸውን እንዳልቆጣ አዘንሁላቸው። እሱን ብቆጣ ምን አመጣለሁ። ያ ቁጣ እስከ ዛሬ የሚወርድበት አጥቶ እዚሁ ደረቴ ላይ ተቀምጧል።

ሳምንት ሳይሞላ ንቀሉ የሚል ትእዛዝ መጣ። ባለሙያው እስኪነቀል አልቆዩም። አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። ጨብጠውኝ ብዙ ቆዩ፤ ስለ ጠመቃው ግን እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አላነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።

የነቀልሁት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። እንዲህ በቀላሉ የሚነቀል መስሎኝ ነበር። ሥሩ በድንጋዩ መካከል እየተሽሎከለከለ ጠልቆ ጠልቆ ወርዷል፤ መቆፈሪያው ሲደርስበት እርጥብ ነው፣ ሕያው ነው። አንዳንዱን ሳልጨርሰው አፈር መለስሁበት፤ ያቆጠቁጣል ብዬ። አላቆጠቆጠም።

በቆሎው ግን ያዘ። በዚያ ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ወገብ አለፈ፣ አፈራ። እንዲጠፋ፣ ምስጥ እንዲበላው፣ ጉማሬ ገብቶ እንዲደመስሰው ተመኝቼ ነበር፤ ዘበኛው ደግሞ እኔው ነኝ። እሸቱን እዚያው ሐይቁ ዳር ጠብሰን በላነው። ይጣፍጥ ነበር።